«ሃርድሊ» ጉድ ሠራኝ፤ እስቲ አስረዱኝ

ሰላም ጤና ይስጥልኝ። ሀዋሳ፣ ሐይቁ ዳር ያለ አንድ ፔንሲዮን ሪሴፕሽን ነኝ። ትናንት ጠዋት አንዲት የውጭ እንግዳ ቁልፍ ስታስረክበኝ «አይ ሃርድሊ ስሌፕት» አለችኝ። ሃርድ ጠንካራ አይደል? ድብን ያለ እንቅልፍ ተኝታለች ብዬ «ቬሪ ጉድ!» አልኳት፣ ያውም እየሳቅኩ። ፊቷ ክስል አለ። ለካ እንቅልፍ በዓይኗ ሳይዞር ነው ያደረችው።

መዝገበ ቃላት ሳይ «እምብዛም» ይላል። ወይ ጉዴ! ሲቪዬ ላይ «አይ ወርክ ሃርድሊ» ብዬ ጽፌያለሁ። ሥራ አልነካም ማለት ሆነ እኮ!

አሁን የጨነቀኝ፦ እኛ «እምብዛም» ስንል «አልተኛሁም» ብለን እናፈርሰዋለን። እንግሊዝኛው ላይ ግን «ኖት» አልሰማሁም። ጭራሽ አይገባም ወይስ እሷ ዋጠችው? «ሃርድሊ ኤቨር»ስ «ከስንት አንዴ» ቢባል ያስኬዳል? የምታውቁ በምሳሌ አስረዱኝ፤ ሲቪውን ዛሬ ማታ ላስተካክል ነው።