ትከሻው ተይዞ የተወለደ ሕፃን እጁን አያነሳም፤ የባለሙያ ጥፋት ነው?

የሕፃኑ አክስት
ሰላም ለሁላችሁ። የእህቴ ልጅ ዛሬ 11 ቀኑ ነው። ሲወለድ 4.3 ኪሎ ነበር፤ ጭንቅላቱ ወጥቶ ትከሻው ተያዘ። ቀኝ እጁ ከጎኑ ተንጠልጥሏል፣ አይነሳም፤ ጣቶቹ ግን ይጨብጣሉ። ከሆስፒታል ሲወጡ «በራሱ ይድናል» ብቻ ተባሉ፣ ቀጠሮ አልተሰጣቸውም። እህቴ በእርግዝናዋ ስኳር ነበረባት። እጁ ይመለሳል ወይ? ጥፋት ነው ወይስ የማይቀር? ማስረጃስ ከየት ይጀመራል?

አዋላጅ ነርስ
እንኳን ማርያም ማረቻት። የማዋለጃ ክፍሉን ነገር ልንገርሽ።

ትከሻ ተያዘ የሚባለው የፊተኛው ትከሻ ከእናትየዋ የብልት አጥንት ጀርባ ሲቀረቀር ነው። ጭንቅላቱ ከወጣ በኋላ ወደ ኋላ ይሳብና ጉንጩ ከእናትየዋ ገላ ጋር ይጣበቃል። ያኔ እርዳታ ይጠራል፣ ሰዓት ይያዛል፣ እናትየዋ ማማጧን እንድታቆም ይነገራታል። ሁለት ሰዎች ጭኖቿን ወደ ሆዷ አጥፈው ይይዛሉ፤ ሌላ ሰው ልክ ከብልት አጥንቱ በላይ፣ ከሕፃኑ ጀርባ በኩል ወደ ፊቱ አቅጣጫ በመዳፉ ይጫናል። ብዙው ሕፃን በዚህ ይወጣል። ካልወጣ እጅ ገብቶ የኋለኛው ክንድ ይወጣል፣ ወይም ትከሻው ከውስጥ ይዞራል፣ ወይም እናትየዋ በእጇና በጉልበቷ ትደገፋለች።

ጥፋት የሚፈጠረው በአብዛኛው ሁለት ቦታ ላይ ነው። አንዱ መጎተት ነው። ጭንቅላቱ ከአከርካሪው ጋር በአንድ መስመር፣ በቀስታ ነው መያዝ ያለበት። ወደ ታች ወይም ወደ ጎን አጣምሞ የጎተተው ሰው አንገቱን ከትከሻው ያራርቀዋል፤ መሀል ላይ ያሉት ነርቮች ይለጠጣሉ፣ ሲብስም ይበጠሳሉ። ሌላው ሆዷን ከእምብርት በላይ መጫን ነው። ይህ ልማድ እንዲቀር የምንጮኸው ያለ ምክንያት አይደለም፤ የተቀረቀረውን ትከሻ ይበልጥ አጥንቱ ላይ ይቸነክረዋል፣ ማህፀንም ሊቀድ ይችላል። ከብልት አጥንት በላይ መጫን ያድናል፣ ሁለት ስንዝር ያህል ከፍ ብሎ መጫን ይጎዳል።

ሆኖም ሁሉም በትክክል ተሠርቶም ነርቭ ሊጎዳ ይችላል። በኦፕራሲዮን በተወለዱ ሕፃናት ላይም ታይቷል። ስለዚህ የእጁ መጎዳት ብቻውን ጥፋትን አያስረዳም።

ፊዚዮቴራፒስት
ጣቶቹ መጨበጣቸው ጥሩ ምልክት ነው። ክንዱ ወደ ውስጥ ዞሮ፣ ክርኑ ተዘርግቶ፣ መዳፉ ወደ ኋላ የሚያይ ከሆነ የተጎዱት ከአንገት የሚወጡት 5ኛና 6ኛ ነርቮች ናቸው፤ ኤርብስ ፖልሲ ይባላል። ግን ዛሬ ነገ ሳትሉ የሕፃናት ሐኪም ይየው። ከአንገቱ ሥር ያለችው ቀጭን አጥንት ወይም የላይኛው ክንዱ ተሰብሮ እንደሆነ በራጅ ይታያል። የድያፍራም (ከሳንባ ሥር ያለው የመተንፈሻ ጡንቻ) ነርቭ የሚነሳውም እዚያው አጠገብ ስለሆነ አተነፋፈሱ ይታይ። የአንድ ዓይኑ ቆብ ወደቅ ካለና ብሌኑ ከሌላው ካነሰ የታችኞቹም ነርቮች ተነክተዋል ማለት ነው። ሲወለድ ይንቀሳቀስ የነበረ እጅ በኋላ ካቆመ ደግሞ የመገጣጠሚያ ኢንፌክሽን ሊሆን ስለሚችል በዚያው ቀን ሆስፒታል።

«በራሱ ይድናል» ለብዙዎቹ እውነት ነው፤ ያለ ቀጠሮ ግን መልስ አይሆንም። ዋናው መለኪያ 3 ወር ሲሞላው ክርኑን አጥፎ እጁን ወደ አፉ ማንሳት መቻሉ ነው። ካልቻለ ነርቭ ለሚቀጥል ስፔሻሊስት መላክ አለበት። ነርቭ በቀን 1 ሚሊ ሜትር ያህል ብቻ ነው የሚያድገው፣ ነርቭ ያጣ ጡንቻ ደግሞ እስከዚያ ይሟሽሻል። ቀዶ ሕክምናው አብዛኛውን ጊዜ ከ3 እስከ 9 ወር ባለው ጊዜ ውስጥ የሚሠራው ለዚህ ነው።

ስብራት ከሌለ እንቅስቃሴው አሁን ይጀመር፤ መጀመሪያ ባለሙያ በእጁ ያሳያችሁ። ክርኑን ከጎኑ አስጠግታችሁ በ90 ዲግሪ እጠፉት፣ በሌላ እጅ ትከሻውን ደግፋችሁ ክንዱን ቀስ ብላችሁ ወደ ውጭ አዙሩ፣ ጥቂት ያዙት፣ መልሱት። ዳይፐር በተቀየረ ቁጥር ጥቂት ጊዜ ይበቃል። ልብስ ስታለብሱ የተጎዳው እጅ ይቅደም፣ ስታወልቁ መጨረሻ ይሁን። ብብቱን ይዛችሁ አታንሱት። ወጌሻ ዘንድ ወስዳችሁም አታስጎትቱት፤ የተለጠጠ ነርቭ ዳግመኛ መጎተት የለበትም።

ጠበቃ
የካርዱን ሙሉ ቅጂ በጽሑፍ ጠይቁ፤ ፓርቶግራፉን (የምጡን ሂደት መከታተያ ቅጽ)፣ የማዋለጃ ማስታወሻውንና የሕፃኑን የመጀመሪያ ምርመራ ጨምሮ። የምትፈልጉት ጭንቅላቱ የወጣበት ሰዓት፣ ገላው የወጣበት ሰዓት፣ ምን ምን በየትኛው ቅደም ተከተል እንደተሞከረ፣ ማን ማን እንደነበረና ፊት ለፊት የነበረው የቀኙ ትከሻ መሆኑ ነው። የተጎዳው የኋለኛው ከሆነ «ጎትተውት ነው» የሚለው ክርክር ይደክማል።

የስኳሩንም ነገር አትለፉት። የአሜሪካ የማህፀን ሐኪሞች ኮሌጅ መመሪያ ስኳር ላለባት እናት ኦፕራሲዮን እንዲታሰብ የሚለው የሕፃኑ ግምት 4.5 ኪሎና ከዚያ በላይ ሲሆን ስለሆነ 4.3 ኪሎ ብቻውን «ለምን አልቀደዱም» አያሰኝም። «አደጋው ተነግሯት ነበር ወይ?» ግን ሌላ ጥያቄ ነው። የብሪታንያ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2015 በሞንትጎመሪ ጉዳይ ላይ የወሰነው ይህንኑ ነው። ስኳር ያለባት እናት ትከሻ የመያዝ ዕድሉ ከ9 እስከ 10 በመቶ መሆኑ አልተነገራትም ነበር፣ እናትየዋ ረታች። የእኛን ዳኛ አያስገድድም፣ ለክርክር ግን ይጠቅማል።

በእኛ አገር የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 2031 ባለሙያ የሙያውን ደንብ ካልጠበቀ ኃላፊ ያደርገዋል። ከውል ውጭ ለሚቀርብ ካሳ ግን በቁጥር 2143 መሠረት ያላችሁ 2 ዓመት ብቻ ነው፤ ልጁ ሲያድግ ይከሳል ብላችሁ አትቀመጡ። ለጤና ባለሙያዎች ሥነ ምግባር ኮሚቴ ማመልከት ትችላላችሁ፤ ካሳ አያስከፍልም፣ የሙያ አስተያየቱ ግን ፍርድ ቤት ላይ ክብደት አለው።

የሕፃኑ አክስት
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ካርዱን አየነው፤ «በሰላም ተገላገለች፣ ወንድ፣ 4.3 ኪሎ» ብቻ ይላል። ትከሻ ተያዘ የሚል የለም።

አዋላጅ ነርስ
ትከሻ ከተያዘ ሰዓቱና የተደረገው ሁሉ ወዲያው መጻፍ ነበረበት፤ አለመጻፉን ጠበቃችሁ ይያዘው። ቅጂውን ዛሬውኑ ማኅተም አስደርጉበት። እህትሽ ደግሞ ሳትረሳ ታስጽፍሽ፤ እግሮቿ እንዴት እንደተያዙ፣ ማን ሆዷን እንደተጫነና የቱ ጋ፣ ምን ብለው እንደጮሁ። ቀን ጽፋችሁ ፈርሙበት።

ፊዚዮቴራፒስት
በየሁለት ሳምንቱም በጀርባው አስተኝታችሁ ሁለቱን እጆቹን አንድ ላይ በቪዲዮ ቅረጹ፣ 1 ደቂቃ ይበቃል። የ3 ወሩ ቀጠሮ ላይ ሐኪሙ መጀመሪያ የሚፈልገው እሱን ነው።