«ጣሪያው ጥገና ይፈልጋል»፦ ፈለገ፣ ሻ ወይስ አስፈለገ?

ባለመዝገብ፦
ጤና ይስጥልን። ከመሥሪያ ቤታችን ለበላይ አካል በሚላክ ደብዳቤ ላይ «የመጋዘኑ ጣሪያ አስቸኳይ ጥገና ይፈልጋል» ብዬ ጽፌ ነበር። ኃላፊዬ «ይፈልጋል» የሚለውን በቀይ ሰርዘው «ይሻል» ካሉ በኋላ፣ በኅዳጉ ላይ «ጣሪያ ፈቃድ ስለሌለው ሊፈልግ አይችልም» የሚል ማስታወሻ አኑረዋል። መፈለግ የተሳነው ጣሪያ መሻትን ከየት እንዳመጣው አልገባኝም። ሁለቱ ቃላት በእርግጥ ይለያያሉ? ወይስ ሁለቱን ትቼ «ያስፈልገዋል» ማለት ነበረብኝ? ደብዳቤው ዓርብ መውጣት አለበትና ብትረዱኝ ደስ ይለኛል።

ፊደል ቆጣሪ፦
የኃላፊዎ ምክንያት ራሱን በራሱ ያፈርሳል። ፈቃድ የሌለው ነገር የማይፈልግ ከሆነ፣ በዛሬው አማርኛ ከ«ፈለገ» ይልቅ ለልብ የቀረበውን «ሻ»ን ጨርሶ ሊሸከም አይችልም። እውነተኛው ልዩነት ያለው በ«ይፈልጋል» እና በ«ያስፈልገዋል» መካከል ነው። «ጣሪያው ጥገና ይፈልጋል» ስንል የግሡ ባለቤት ጣሪያው ነው፤ «ጣሪያው ጥገና ያስፈልገዋል» ስንል ግን ባለቤቱ ጥገናው ይሆንና ጣሪያው በግሡ ውስጥ በገባው «ው» የተመለከተ ተሳቢ ይሆናል። የሚጠራጠር ሰው ቁጥሩን ለውጦ ይሞክረው፤ በጥንቃቄ የሚጽፍ ሁሉ «ሦስት ሠራተኞች ያስፈልጉናል» ይላል፤ ግሡ የሚከተለው ሠራተኞቹን እንጂ እኛን አይደለም።

ያም ሆኖ «ይፈልጋል» ስሕተት ነው አልልም። እናቶቻችን «ወጡ ጨው ይፈልጋል» ሲሉ ወጡ ምኞት አደረበት ማለታቸው አይደለም። ፈቃድ ላለው ሰው እንኳ «ይህ ልጅ ኩርኩም ይፈልጋል» ይባላል፤ ልጁ ግን ኩርኩሙን ከማንም አብልጦ የሚሸሽ ነው።

ዘጎንጅ፦
ከግእዙ ሳይነሡ በአማርኛው ላይ መፍረድ ከቅርንጫፍ ጀምሮ ዛፍ መውጣት ነው። «ፈለግ» በግእዝ ወንዝ ነው፤ ሲበዛ «አፍላግ»፣ ከዚያም «አፍላጋት» ይሆናል፤ ከገነት የሚወጡት ኤፌሶን፣ ግዮን፣ ጤግሮስና ኤፍራጥስ አራቱ አፍላጋት ይባላሉ። ወንዝ የሚሄድበት ቦይ ስላለው ቃሉ ወደ መንገድና ወደ ዱካ ተሸጋገረ፤ «የአባቱን ፈለግ ተከተለ» የምንለው ከዚህ የተነሣ ነው። ከብት የጠፋበት ሰው ዱካ ይከተላል፤ ዱካ መከተልም «መፈለግ» ተባለ። እንግዲህ የ«ፈለገ» የመጀመሪያ ትርጉሙ መሄድና መከታተል ስለሆነ፣ ከቦታው የማይነቃነቅ ጣሪያ ሊፈልግ አይችልም፤ ኃላፊው በምክንያቱ ቢስቱም በፍርዱ አልሳቱም።

ቆሎ ተማሪ፦
«ጣሪያው ፈለገ»፦ ወንዝ ሆነ ሲል ነው፤ ክረምቱን ያፈስ ነበርና። አንድም፦ ጥገና ሻ ሲል ነው፤ ቆርቆሮው ዝጎ ነበርና። አንድም፦ ኃላፊውን ፈለገ ሲል ነው፤ ወጥቶ ያየው አልነበረምና።

አሳሽ፦
መሪጌታ ዘጎንጅ፣ የዱካው ትንታኔ ያማረ ነው፤ ነገር ግን ድምፁን ዘልለውታል። ወንዝ የሆነው «ፈለገ» ላልቶ ሲነበብ፣ ግሡ «ፈለገ» ግን «ለ»ው ጠብቆ ይነበባል። በባሕር ዳር ያለውን የፈለገ ሕይወት ሆስፒታል ስም «ሕይወትን የፈለገ» እያሉ የሚተረጉሙ ሰዎች የሚሰናከሉት በዚሁ ነው፤ ስሙ የሕይወት ወንዝ ማለት ሲሆን፣ «ፈለገ ዮርዳኖስ» እንደምንለው ነው።

ደግሞም መሻትንና መፈለግን በግእዝ የሚይዘው ግሥ «ኀሠሠ» ነው። በማቴዎስ ምዕራፍ 7 «ፈልጉ ታገኙማላችሁ» የተባለው በግእዙ የመጣው ከዚህ ግሥ ነው። በዳዊት 26ኛው መዝሙር ያለውን «ወኪያሃ አኀሥሥ» ግን የአማርኛው መጽሐፍ «እርስዋንም እሻለሁ» ብሎታል። አንዱን የግእዝ ግሥ በአንድ ቦታ «ፈለገ»፣ በሌላ ቦታ «ሻ» ካሉት፣ ተርጓሚዎቹ ሁለቱን እንደ እኩያ ይዘዋቸዋል ማለት ነው። እንዲያውም «ሻ» ራሱ «ኀ»ው ወድቆ «ሠ»ው ወደ «ሸ» የተለወጠ «ኀሠሠ» ነው ብዬ አምናለሁ።

ዘጎንጅ፦
ጠብቆና ላልቶ ማንበብን ንባብ ቤት ሳለን በአርጩሜ ተምረነዋልና ስለ ማስታወስዎ አመሰግናለሁ። ማጥበቅ ግን የግሥ ጠባይ ስለሆነ ከስም የተወለደ ግሥ ቢጠብቅ ዝምድናውን አያፈርስበትም። ስለ «ሻ» ያሉትን በተመለከተ፣ «ኀሠሠ» በአማርኛ «አሰሰ» ሆኖ በሙሉ አካሉ ይኖራል፤ የእርስዎም የብዕር ስም ከእርሱ የወጣ ነው። በሕይወት ላለ ሰው ተዝካር አይወጣም።

ፊደል ቆጣሪ፦
በዚህስ ከመሪጌታ ጋር ነኝ። «ሰማ» መስማት፣ ሰምቶ ይላል፤ «በላ» መብላት፣ በልቶ ይላል፤ ሁለቱም በግእዝ መጨረሻቸው «ዐ» የነበረ ግሦች ናቸው። «ሻ»ም መሻት፣ ሽቶ ስለሚል የጠፋበት ፊደል በመጨረሻው በኩል የነበረ ይመስላል፤ «ኀሠሠ» ግን የጉሮሮ ፊደሉ በመጀመሪያ ነው። («ሽቶ» ሲባል የሚረጨውን የሚያስቡ አባላት እንዲታገሡን እንለምናለን።)

የሸዋ ልጅ፦
ለሥሩ ስትጨነቁ ማስረጃው ከእጃችሁ አመለጠ። በቀድሞው ዘመን መጠጥ የጠጣ ልጅ እየመራ የሌባውን ቤት ያሳያል የሚባልበት ሥርዓት ስሙ «ሌባ ሻይ» ነበር። ሌባን የሚመኝ ማለት አይደለም፤ ሌባን አስሶ የሚያገኝ ማለት ነው። እንግዲህ «ሻ»ም እንደ «ፈለገ» በእግሩ የሚሄድ፣ ዱካ የሚከተል ቃል ነበር። በመሪጌታ መንገድ ከሄድን ጣሪያው ሁለቱም ሊከለከሉት ነው።

ቆሎ ተማሪ፦
ይህን ሁሉ ዘመን ሌባውን ከቡና ለይቼ በሻይ ብቻ የሚስተናገድ አድርጌ ሥዬው ነበር።

ፊደል ቆጣሪ፦
የ«ሌባ ሻይ» ምስክርነት ለትናንት እንጂ ለዛሬ አይበቃም። ቁልፉ የጠፋበት ሰው ዛሬ «ቁልፌን እየሻሁ ነው» ቢል ጎረቤቱ ግጥም የሚያነብ ይመስለዋል። የፍለጋውን ሥራ «ፈለገ» ጠቅልሎ ወስዶታል፤ ለ«ሻ» የቀሩት «እንደ ሻው»፣ «የሻውን ያህል» የመሳሰሉት እና የደብዳቤ አማርኛ ናቸው። ኃላፊዎች የሚወዱትም ቃሉ ዝግ ያለና የከበረ ስለሚመስላቸው ነው።

ባለመዝገብ አንድ ነገር ይጠንቀቁ። «ጥገና ይሻል» ብለው ጽፈው፣ ነገሩን ወደ ኃላፊ ጊዜ ሲመልሱ «ጥገና ይሻል ነበር» ካሉ፣ ቃሉ «ተሻለ» ይሆንና ጥገናው የተሻለ ምርጫ እንደ ነበር ይነበባል፤ የ«ሻ» ትክክለኛው «ይሻ ነበር» ነው። ፊደላችን የጠበቀውን ከላላው አይለይምና አንባቢ የሚያድነው ነገር የለም።

እመት፦
ሁላችሁም «ፈቃድ» የሚለውን የኃላፊውን ቃል ሳታዩ አለፋችሁት። «ፈቀደ» በግእዝ ወደደ፣ ፈለገ ማለት ነው። በማቴዎስ ምዕራፍ 8 ለምጻሙ «ብትወድ» ብሎ ሲለምን ጌታ የመለሰለት በግእዙ «እፈቅድ ንጻሕ» ነው፤ በአማርኛው «እወድዳለሁ፥ ንጻ» ተብሏል። የዛሬ ልጆች «ብትወድ» የሚለውን ስለ ፍቅር የተነገረ ያደርጉታል፤ ነገር ግን «ወዶ ዘማች» እና «ሳይወድ በግድ» የሚሉት አነጋገሮች ያንኑ የፈቃድ ትርጉም ይዘው ኖረዋል። አማርኛው «ፈቀደ»ን ለሰጪው ሲያደርገው መሻቱ ለጠያቂው ቀረ፤ «ልቡ የፈቀደውን» በሚለው ብቻ የጥንቱ ትርጉም ይሰማል። ትግርኛ ተናጋሪ ወንድሞቻችንም ለመፈለግ «ደለየ» እያሉ፣ በግእዝ መመኘት የሆነውን «ፈተወ»ን ለመውደድ ይዘውታል፤ በእኛ ዘንድ ያው ሥር «ፍትወት» ሆኖ ወደ ሥጋው አዘንብሏል።

አሳሽ፦
እመት፣ በዳዊት 41ኛውም መዝሙር እንዲሁ ነው፤ «ከመ ያፈቅር ኀየል» ያለውን አማርኛው «ዋላ እንደሚናፍቅ» ይለዋል። «ከጀለ»፣ «ጎመጀ» እና «ቋመጠ» የሰው አጥር ውስጥ የሚያዩ ቃላት ስለሆኑ ለጣሪያ እንደማይሆኑ እንስማማለን ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ። ወደ «ኀሠሠ» ስመለስ ግን፣ አንድ ሥር ሁለት ልጆች ሊወልድ እንደሚችል መሪጌታ አያጡትም።

ባለመዝገብ፦
ከልብ አመሰግናለሁ፤ ብዙ ተምሬአለሁ። ነገር ግን ዓርብ ነገ ነው። የትኛውን ልጻፍ?

ፊደል ቆጣሪ፦
«ያስፈልገዋል» ብለው ይላኩት። በደብዳቤ ላይ ማንም የሚነቅፈው አይመስለኝም።

ዘጎንጅ፦
እኔ እነቅፈዋለሁ። «አስ» አስደራጊን የሚያመለክት ምዕላድ ነው፤ «አስገደለ» ሲባል የሚያስገድል፣ የሚገድልና የሚገደል ሦስት አካላት አሉ። «ጥገና ያስፈልገዋል» ካልን የሚያስፈልገው ጥገናው ነው ይበሉ፤ የሚፈለገውም ያው ጥገናው ነው። ታዲያ ፈላጊው ማን ነው? ጣሪያው ነው የሚሉ ከሆነ ጣሪያ ይፈልጋል አይፈልግም ወደሚለው መመለሳችን ነው።

አሳሽ፦
መሪጌታ፣ «አስቸገረ» በሚለው ውስጥ ሦስተኛው አካል ማን ሊሆን ነው?