ፋፍሳ ያልሞላ ልጅ ከሃይስኩል አይመረቅ?

አወያይ፦
ፋፍሳ የአሜሪካ ፌዴራል መንግሥት ለኮሌጅ የሚሰጠውን እርዳታና ብድር ለማግኘት የሚሞላ ፎርም ነው። አንዳንድ ስቴቶች ይህን ፎርም ያልሞላ የ12ኛ ክፍል ተማሪ ዲፕሎማ አያገኝም ብለዋል። ሉዊዚያና በ2018 ተመራቂዎች ጀመረች፤ ኢሊኖይ፣ አላባማና ቴክሳስ ተከተሉ። ሉዊዚያና ራሷ ግን በ2024 ግዴታውን አንስታዋለች። በእነዚህ ስቴቶች ቤተሰብ "አንሞላም" ብሎ ፈርሞ መውጣት ይችላል። እናንተ ምን ትላላችሁ? ግዴታ ይሁን ወይስ አይሁን? ስድብ የለም። የልጆቻችሁንም ስም አትጥሩ።

የሁለት ልጆች እናት፦
ይሁን! እኛ ቤት ስለ ኮሌጅ ሲወራ "ዶክተር ትሆናለህ፣ ኢንጂነር ትሆኛለሽ" ይባላል እንጂ ማን እንደሚከፍል አይነሳም። ልጁ ወላጁን ላለማስጨነቅ ዝም ይላል። ወላጁ ደግሞ "እግዚአብሔር ያውቃል" ይላል። እሱማ ያውቃል፤ ፎርሙን ግን አይሞላልንም። ፔል ግራንት የማይመለስ ገንዘብ ነው። በ2025-26 የትምህርት ዓመት ከፍተኛው 7,395 ዶላር ነው። ባለመሙላት ብቻ ይሄን ጥሎ የሚሄድ ስንት ልጅ አለ! ሉዊዚያና ግዴታ ባደረገችበት ጊዜ ፋፍሳ በመሙላት ከአገሪቱ ፊት ከተሰለፉት ነበረች። ምነው ቢሉ፣ ሕጉ ሰዉን ቁጭ አስደረገው።

ታክሲ ነጂው፦
እህቴ፣ ሐሳብሽ ደግ ነው። ግን የእኔ ገቢና የልጄ ዲፕሎማ ምን አገናኛቸው? ልጁ ፈተናውን አልፏል፣ ክሬዲቱን ጨርሷል፣ በቃ። ደግሞ ስንት እንደማገኝ ልጄ ለምን ያውቃል? ዛሬ ሲያውቅ ነገ "አባዬ ይሄን ያህል እያገኘህ ለምን ጫማ አልገዛህልኝም" ይመጣል። ፎርሙ ላይ ከፈረምኩ ዕዳው እኔ ላይ ነው ሲሉም ሰምቻለሁ።

ታክስ የምሠራው፦
ወንድሜ፣ ይሄን በየዓመቱ እየተጠየቅሁ ሰልችቶኛል፤ አንድ ጊዜ ልጻፈውና ልገላገል። በአዲሱ ፋፍሳ አንተ የራስህን አካውንት ትከፍታለህ፣ የራስህን ክፍል ትሞላለህ። ልጅህ የአንተን የገቢ ቁጥር አያይም። ታክስህን ከፌዴራሉ ግብር ሰብሳቢ ከአይአርኤስ በቀጥታ እንዲወስድ ትፈቅዳለህ። ካልፈቀድክ ልጁ ከፌዴራል መንግሥት ሳንቲም አያገኝም። መፈረምህ ደግሞ ባለዕዳ አያደርግህም። ባለዕዳ የሚያደርግህ ፓረንት ፕላስ የሚባለውን ብድር በስምህ ስትወስድ ነው። ለዚያም ከሐምሌ 2026 ጀምሮ ለአዲስ ተበዳሪ ጣሪያ ተቀምጦለታል፤ በዓመት 20,000፣ በአንድ ልጅ በጠቅላላው 65,000 ዶላር። ልጁ በራሱ ስም በመጀመሪያው ዓመት የሚበደረው ቢበዛ 5,500 ነው።
ይህን ሁሉ ብዬ ግን ግዴታውን አልደግፍም። ፎርሙ ጥሩ ነው፣ ቅጣቱ ግን መጥፎ ነው።

ሱቅ ያለኝ፦
በየጊዜው የሚገለባበጥ ነገር እንዴት ግዴታ ይሆናል? በ2024-25 የቤተሰብ አነስተኛ ንግድ እንደ ሀብት ይቆጠር አሉ። ለ2026-27 ደግሞ ከ100 ሠራተኛ የማይበልጥ ከሆነ አይቆጠር አሉ። የቱን ይዤ ነው የማቅደው?

ወረቀቱ በሂደት ላይ ያለ፦
የአንዳንዶቻችንን ቤት ረሳችሁት። ልጁ እዚህ ተወልዷል፣ ወላጅ ሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥር የለውም። የ2024-25 ፎርም እንደ ልማዱ በፈረንጅ ኦክቶበር 1 መከፈት ሲገባው የተከፈተው በ2023 ታኅሣሥ ማብቂያ ላይ ነው፤ በፈረንጅ ዲሴምበር 30። እሱም ሲከፈት ሶሻል የሌለውን ወላጅ ለወራት አላስገባም ብሎ ነበር። ልጆቻችን ጓደኞቻቸው የኮሌጅ መልስ ሲያዩ እነሱ ስክሪን ላይ "ስህተት" የሚል ቀይ ጽሑፍ ያያሉ። አሁን ይገባል፤ ፍርሃቱ ግን አልወጣም። "ፈርማችሁ ውጡ" ትላላችሁ። ክፍል ውስጥ አንድ ልጅ ብቻ ያንን ወረቀት ይዞ ሲመጣ ምን ብሎ የመጣ ይመስላችኋል? "የእኛ ቤት የሆነ ነገር አለው" ብሎ ነው።

12ኛ ክፍል ነኝ፦
ጋሼ ታክሲ ነጂው፣ ይቅርታ ግን ጫማ አንጠይቅም 😂 የት ማመልከት እንዳለብን ማወቅ ነው የምንፈልገው። አባቴ እስከ ዛሬ "አስብበታለሁ" እያለ ነው። እሱ ካልፈቀደ እኔ ለምን በዲፕሎማዬ እቀጣለሁ?

ካውንስለር ነኝ፦
ሃይስኩል ውስጥ እሠራለሁ። ሁላችሁም የምትከራከሩት በ12ኛ ክፍል ነው። 12ኛ ክፍል እኮ ነገሩ ካለቀ በኋላ ነው።
ፋፍሳ የሚያየው የሁለት ዓመት የቆየ ታክስ ነው። በ2027 መኸር ኮሌጅ የሚገባ ልጅ የሚመዘነው በ2025 ገቢያችሁ ነው። ያ ዓመት ሲጀምር ልጁ 10ኛ ክፍል አጋማሽ ላይ ነበር። በዚያ ዓመት ቤት ሸጣችሁ ካተረፋችሁ፣ ከጡረታ ሂሳብ ገንዘብ ካወጣችሁ፣ ፎርሙ ያንን ይዞ ይመጣል። ሳይቃጠል በቅጠል የሚባለው እዚህ ጋ ነው።
ሌላም አለ። ልጁ በሰመር ሠርቶ በራሱ ስም ካስቀመጠው ገንዘብ 20 በመቶው ለኮሌጅ እንደሚከፍለው ተደርጎ ይቆጠርበታል። ያው ገንዘብ በወላጅ ስም ቢሆን ቢበዛ 5.64 በመቶ ነው። ለኮሌጅ ተብሎ የሚከፈተው 529 የሚባል የቁጠባ ሂሳብ በወላጅ ስም ከሆነም እንደ ወላጅ ገንዘብ ይታያል። ይህን ለማወቅ ሀብታም መሆን አያስፈልግም፤ ቀደም ብሎ የነገረን ሰው ነው የጠፋው።
ባለፈው አንዲት የ10ኛ ክፍል ተማሪ እናቷን ይዛ ቢሮዬ መጣች። የመንግሥት ኮሌጅ ብቻ ነው የምንችለው አሉ። ኮሌጆች ከ2011 ጀምሮ ድረ ገጻቸው ላይ ኔት ፕራይስ ካልኩሌተር የማስቀመጥ ግዴታ አለባቸው፤ የተጻፈውን ዋጋ ሳይሆን እናንተ የምትከፍሉትን ይገምታል። እናትየው ከደብልዩ ቱዋ፣ ከዓመት ደሞዝ ወረቀቷ ማለቴ ነው፣ እያየች ነገረቻት፤ ልጅቷ ስልክ ላይ ቁጥሩን አስገባች። የተጻፈው ዋጋ ከሁለት እጥፍ በላይ የሆነው የግል ኮሌጅ ግምቱ ከመንግሥቱ አነሰ። እናትየው "ተሳስተሻል፣ ዜሮ አጉድለሻል" ብላ ልጅቷን እንደገና አስሞላቻት። ያው ወጣ። ሁልጊዜ እንዲህ አይሆንም። ብዙ የግል ኮሌጅ ሲኤስኤስ ፕሮፋይል የሚባል ሌላ ፎርም ይጠይቃል፤ የቤታችሁን ዋጋም ሊያይ ይችላል። ግን ሳያዩ መፍረድ ለምን?
ግዴታ ይሁን ካላችሁ 10ኛ ክፍል ላይ ካልኩሌተሩን መሥራት ግዴታ ይሁን። ስም የለው፣ ሶሻል የለው፣ ፊርማ የለው።

የሁለት ልጆች እናት፦
ካውንስለሩ እውነቱን ነው። ድሮ ሁለት ልጅ በአንድ ጊዜ ኮሌጅ ካለሽ ከቤተሰብ የሚጠበቀው ክፍያ ለሁለቱ ይካፈል ነበር። ከ2024-25 ጀምሮ ፌዴራሉ ያንን አነሳው። እኔ ያወቅሁት ሁለቱም ከገቡ በኋላ ነው። የትምህርት ቤቱ ደብዳቤ ግን የሚጠይቀው "ሞላችሁ ወይ?" ብቻ ነበር።

ታክሲ ነጂው፦
ኮሌጅ የማይፈልግ ልጅስ? ኤሌክትሪሽያን መሆን የሚፈልግ አለ።

ታክስ የምሠራው፦
እውቅና ያለው የሙያ ትምህርት ቤት ከሆነና ፕሮግራሙ የሚያሟላ ከሆነ ፋፍሳ እዚያም ይሠራል። ብዙ ሰው አያውቅም። ሙሉ በሙሉ ሥራ ላይ የሚማር አፕረንቲስ ከሆነ ግን ደሞዝ እየተከፈለው ስለሚማር ፎርሙ ብዙም አያስፈልገውም።

ታክሲ ነጂው፦
እሺ። 10ኛ ክፍል ላይ ጥሩንና ቁጥሩን አሳዩን። ዲፕሎማውን ግን አትንኩ።

የሁለት ልጆች እናት፦
ዲፕሎማው ካልተነካ ማን ይመጣል? ትምህርት ቤቱ ስለ ፋፍሳ ማታ ሲጠራ ከሐበሻ ወላጅ የመጣነው ሦስት ነን። የምረቃ ጋዋን ክፍያ ቀን ሲሆን ግን ሰልፉ በር ላይ ደርሷል።

ታክሲ ነጂው፦
እሱን አልክድም 😂 ግን አሁንም አይሁን።