የዶስ ሪዮስ ዕቅድ፦ በረቂቁ ላይ ውይይት

ጸሐፊ፦ ሰላም ቤተሰብ። ለአዲስ አባላት ባጭሩ ልናገር። ዶስ ሪዮስ ካሊፎርኒያ ውስጥ፣ ከሞዴስቶ ከተማ በስተ ምዕራብ፣ የሳን ዋኪንና የቱዎሎሚ ወንዞች የሚገናኙበት ቦታ ነው። ድሮ የወተት ላሞችና የአልመንድ እርሻ ነበር። ሪቨር ፓርትነርስ የሚባል ድርጅት በ2012 ገዛውና ከ350 ሺህ በላይ አገር በቀል ዛፍና ቁጥቋጦ ተከለበት። ኋላ ወደ ግዛቱ መንግሥት ተላልፎ በጁን 2024 የካሊፎርኒያ አዲሱ የግዛት ፓርክ ሆነ። ስፋቱ 1,600 ኤከር ገደማ ነው። ከዚህ ሁሉ በፊት ግን የዮኩት የሚባለው ነባር ሕዝብ አገር ነው። የማኅበራችን የበጎ ፈቃድ ሥራ ረቂቅ «አንድ ቅዳሜ ወጥተን እዚያ ችግኝ እንተክላለን» ይላል። ምን ትላላችሁ?

የወጣቶች ክፍል፦ ሥራ ሲባል ቶሎ የሚመጣልን አረንጓዴ አሻራ ነው መሰል። 350 ሺህ ለተከለ ድርጅት የኛ አንድ ቅዳሜ ምን ይጨምርለታል? ፎቶ ተነስቶ ከመመለስ በቀር። ደግሞ ቦታው ጎርፍ እንዲተኛበት የተተወ ነው። በ2023 ወንዙ ሲሞላ ውሃው እዚያ ነው ያረፈው። ለመጥፋት የተቃረበችው የወንዝ ዳር ጥንቸል እንኳ በጎርፍ ጊዜ የምትወጣበት ጉብታ ተሠርቶላታል። በዘፈቀደ ጉድጓድ የሚቆፈርበት መሬት አይደለም።

የሴቶች ክፍል፦ እኔን የሳበኝ የአትክልት ቦታው ነው። ፓርኩ ውስጥ ለነባሩ ሕዝብ ተብሎ የተዘጋጀ ሦስት ኤከር የሚያህል ቦታ አለ። ዲርግራስ የሚባለው ሳር ይበቅልበታል። የዮኩት ሴቶች ዘንጉን አሥረው፣ ዙሪያውን እየጠመጠሙ፣ በወስፌ እየወጉ ቅርጫት ይሰፉበታል። ለመሶብ አክርማና ስንደዶ የለቀመ ሰው ሥራውን ወዲያው ያውቀዋል። ሳሩ ረጅምና ቀጥ ያለ ዘንግ እንዲያወጣ የቆየው ዘዴያቸው ማቃጠል ነው። እሱ የነሱ ሥራ ነው፣ እኛ አንነካውም። እኛ የምንችለው አረሙን ነው። የካሊፎርኒያ ቅርጫት ሰፊዎች መሰፊያውን በጥርስ ይዘው ይሰነጥቁታል፤ እናቴም እንደዚሁ ነበረች። ፀረ አረም ከተረጨበት መድኃኒቱ አፍ ገባ ማለት ነው። ስለዚህ «ችግኝ እንተክላለን» ይውጣና «ቅርጫት መስፊያው በሚለቀምበት ቦታ አረሙን በእጅ እንነቅላለን» ይግባ።

ገንዘብ ያዥ፦ ደስ ይላል፣ ግን አረም በአንድ ቅዳሜ አያልቅም። ከነቀላችሁት በኋላ በወሩ ተመልሶ ይስቃል። ቢያንስ የአንድ ዓመት ቃል ይግባ፣ ያለዚያ ባንጀምረው ይሻላል። የአውቶቡስና የጓንት ወጪ አስገባለሁ። የዮኩት አስተማሪ ከመጣ ደግሞ በነፃ አናስደክምም፣ ለአበል መስመር እከፍታለሁ። ምሳውን እንደ ልማዳችን ሴቶቹ ላይ እንዳትጥሉት።

የቦርድ አባል፦ ልጆች፣ ሁሉም ጥሩ ነው። ለመሆኑ ባለቤቶቹን ጠየቅን? ሰው ቤት ሲኬድ ደጅ ቆሞ «ቤቶች!» ይባላል። ሪቨር ፓርትነርስ ከሰሜን ቫሊ ዮኩት ጎሳ ጋር ይሠራል። ደብዳቤው መጀመሪያ ለጎሳው ይሂድ። እጅ አለን፣ ምን ይሠራላችሁ ብለን እንጠይቅ። አረም መንቀል አያስፈልገንም ካሉም እሱ ይቅር።

የወጣቶች ክፍል፦ ጋሼ፣ ፈቃድ የሚሰጠው ፓርኩ እኮ ነው። ወደ ጎን ተተውኩ ብሎ ቢቀየምስ?

የቦርድ አባል፦ ግልባጭ ይላክለት። መጀመሪያ የሚጠየቀው ግን ጎሳው ነው።

የሴቶች ክፍል፦ በዚያው የመሶብ ስፌት እናሳያችሁ ብንልስ?

የቦርድ አባል፦ እሱን አሁን አንጻፍ፣ እትዬ። ሳይጋብዙን የራሳችንን ዝግጅት ይዘን ልንሄድ ነው።

የሴቶች ክፍል፦ ቅር ቢለኝም ይሁን። ከጠየቁን ግን እኔ አለሁ።

ጸሐፊ፦ እሺ፣ አንቀጹ እንዲህ ይሁን፦ «ማኅበራችን ለአንድ ዓመት፣ በወር አንድ ቅዳሜ፣ ጎሳው በሚመርጠው ሥራ ላይ ለመሰማራት ዝግጁ ነው። አረም መንቀል የሚመረጥ ከሆነ በእጅ ብቻ እንሠራለን።» ደብዳቤውን ጋሼ ይጽፉታል። በጀቱ እስከ ማክሰኞ ማታ ይድረሰኝ። የወጣቶች ክፍል ስንት ሰው በቋሚነት እንደሚመጣ ስም ዝርዝር ይላክ፣ «እንሞክራለን» የሚል ሰው አይቆጠር።