የራት (የትልቁ የላብራቶሪ አይጥ) አንጀት ላይ የኤንኖስ አንቲቦዲ ሁሉንም ነገር እያበራብኝ ነው፣ ምን ላድርግ?

አንጀት_ተማሪ፦
ሰላም ለሁላችሁ። የማስተርስ ጥናቴ የራት አንጀት ግድግዳ ውስጥ ናይትሪክ ኦክሳይድ የሚሠሩ ነርቮችን መቁጠር ነው። አንጀቱን "ላላ በል" የሚሉት እነሱ ናቸው። እነሱን ለመለየት ናይትሪክ ኦክሳይዱን የሚሠራውን የነርቩን ኢንዛይም፣ ኤንኖስን፣ የሚይዝ አንቲቦዲ (ዒላማውን ፈልጎ የሚጣበቅ ፕሮቲን) ገዛን። ማውስ (ትንሿ አይጥ) ላይ የተሠራ ሞኖክሎናል፣ ማለትም አንድ ዓይነት ብቻ የሆነ፣ ነው። ወራት ጠብቀን ነው የመጣው፣ ሳጥኑን ስከፍተው ደግሞ በረዶው ቀልጦ ማቀዝቀዣዎቹ ለብ ብለው ነበር።

ያም ሆኖ ሞከርኩት። 1 ለ500 በጥብጬ 4 ዲግሪ ላይ አሳደርኩት። ጠዋት ማይክሮስኮፕ ስር ሳየው ሁሉም ነገር አረንጓዴ ነው። በጡንቻዎቹ መሃል ያሉት የነርቭ እጢዎች ያበራሉ፣ ግን የአንጀቱ የውስጥ ሽፋንም፣ የደም ሥሮቹም እኩል ያበራሉ። የትኛው እውነት እንደሆነ መለየት አልቻልኩም። አማካሪዬ አዲስ እንዘዝ እያሉ ነው፣ ዶላሩ ግን በቀላሉ አይገኝም። አንቲቦዲው መንገድ ላይ ሞቶ ይሆን?

ነርቭ_ተመልካች፦
እህቴ፣ ቶሎ ተስፋ አትቁረጪ። የሞተ አንቲቦዲ አብዛኛውን ጊዜ ይደበዝዛል እንጂ ቤቱን ሙሉ አያበራም። ጥቂት ቀን ያለበረዶ መቆየትን ብዙዎቹ ይችሉታል። የሚጎዳቸው ደጋግሞ ማቀዝቀዝና ማቅለጥ ነው፣ ስለዚህ ዛሬውኑ በትንሽ በትንሹ ከፋፍለሽ አስቀምጪው።

ለማንኛውም ፍርዱን ለቲሹው ስጪው። ያንኑ ራት ስትከፍቺ ሴሬቤለሙን፣ ከኋላ ያለውን ትንሹን አንጎል፣ አውጥተሽ ቁረጪ። ተመራማሪዎቹ ብሬድትና ስናይደር በ1990 ይህንን ኢንዛይም አጥርተው ያወጡት ከራት ሴሬቤለም ነው፣ ሞልቷል እዚያ። ደስ የሚለው ደግሞ ሥዕሉ የታወቀ መሆኑ ነው። ግራኑል ሴሎቹና የላይኛው ንብርብር ያበራሉ፣ በመሃል ተደርድረው የቆሙት ትልልቆቹ የፑርኪንጄ ሴሎች ግን ጨለማ ሆነው መቅረት አለባቸው። ፑርኪንጄው ከጨለመ አንቲቦዲሽ ደህና ነው። እነሱም ካበሩ ሌላ ነገር እያየሽ ነው ማለት ነው።

የሽሮሜዳ_ልጅ፦
ከላይ ያለው ልክ ነው፣ ግን እኔ ጥርጣሬዬ ሁለተኛው አንቲቦዲ ላይ ነው፣ የመጀመሪያውን ይዞ የሚያበራው ላይ። ማውስ ላይ የተሠራ ነው ብለሻል። ስለዚህ ሁለተኛው ፀረ-ማውስ ነው። የማውስና የራት ኢሚዩኖግሎቡሊን (የራሳቸው የሰውነት አንቲቦዲ) ደግሞ እንደ ወንድማማች ይመሳሰላሉ፣ እና ያ ሁለተኛው አንቲቦዲ ራቱ በራሱ ደም ውስጥ ያለውን ሁሉ ይይዛል። የአንጀት የውስጥ ሽፋን ደግሞ አንቲቦዲ በሚያመርቱ ሴሎች የታጨቀ ነው! የደም ሥሩም ያበራል ማለትሽ ለእኔ ትልቁ ምልክት ነው።

የመጀመሪያውን አንቲቦዲ ሳትጨምሪ፣ ሁለተኛውን ብቻ አድርገሽ አንድ ስላይድ ሥሪ። ምንም ያልተደረገበት አንድ ስላይድም ጨምሪ፣ ቀይ የደም ሴል በራሱ አረንጓዴ ስለሚያበራ። ይህንን ሳላደርግ እኔ አንድ ሙሉ ሴሚስተር ነው የጠፋብኝ፣ አሁንም ትዝ ሲለኝ ያናድደኛል። ደግሞ ሴሬቤለሙ ንጹሕ ሆኖ ቢወጣ እንኳ አትታለይ። በልብ በኩል ደሙ በደንብ የታጠበ አንጎል ውስጥ የራት ኢሚዩኖግሎቡሊን ጥቂት ነው፣ አንጀት ግን እንደዚያ አይደለም።

እሙ_ላብ፦
ሁለት ነገር ልጨምር።

አንደኛ፣ ከአንቲቦዲው ጋር የመጣውን ወረቀት አንብቢና አንቲቦዲው የፕሮቲኑን የቱን ጫፍ እንደሚይዝ እዪ። ሙሉው ኤንኖስ ወደ 160 ኪሎዳልተን (የፕሮቲን ክብደት መለኪያ) ነው፣ ግን መጀመሪያው ጫፍ የጎደላቸው ቤታና ጋማ የሚባሉ አጠር ያሉ ዓይነቶች አሉ። የፊተኛውን ጫፍ የሚይዝ አንቲቦዲ እነሱን አያያቸውም፣ የኋለኛውን የሚይዝ ግን ሁሉንም ያያል። ዌስተርን ብሎት፣ ፕሮቲኖችን በክብደት ለይቶ የሚያሳየውን ምርመራ፣ መሥራት ከቻልሽ መስመሩ 160 አካባቢ መውጣቱን አረጋግጪ። 130 አካባቢ ብቻ ከወጣ ኢንዶቴሊየም (የደም ሥር የውስጥ ሽፋን) ወይም ማክሮፋጅ (በሽታ ተከላካይ ሴል) ውስጥ ያሉትን ዘመድ ኢንዛይሞቹን እየያዘ ሊሆን ይችላል።

ሁለተኛ፣ ዶላር ከሌለ ናድፒኤች ዳያፎሬዝ የሚባለውን የድሮ ማቅለሚያ ሞክሪ። አንቲቦዲ አይፈልግም። ናድፒኤች፣ ናይትሮ ብሉ ቴትራዞሊየምና ትንሽ ትራይቶን ቀላቅለሽ 37 ዲግሪ ላይ ታስቀምጪዋለሽ። ቀስ እያለ ነርቮቹ ጥቁር ሰማያዊ ሆነው ሲወጡ በዓይንሽ እያየሽ ታቆሚዋለሽ፣ እኔ በበኩሌ ከፍሎረሰንሱ ይልቅ ይሄን ነው የምወደው። ግን ቲሹው በፓራፎርማልዴሃይድ በደንብ የተያዘ መሆን አለበት፣ ሌሎቹ ዳያፎሬዞች የሚጠፉት በሱ ነው። የኤንኖሱ ይተርፋል።

አንጀት_ተማሪ፦
ተመልሻለሁ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ ሁላችሁንም። ሦስቱንም ስላይዶች ሠራሁ።

ሴሬቤለሙ ላይ የፑርኪንጄ ሴሎቹ በተርታ ጨለማ ናቸው፣ ዙሪያቸው ደግሞ ያበራል። አንቲቦዲው አልሞተም! ሁለተኛውን ብቻ ያደረግሁበት የአንጀት ስላይድ ግን ልክ እንደ ድሮው አረንጓዴ ነው። ሽሮሜዳ፣ እንዳልከው ሆነ። ጎረቤት ላብራቶሪ ያለች ጓደኛዬ ራትን የሚይዘው ክፍል በራት ሴረም ተጣርቶ የወጣለት ፀረ-ማውስ ነበራት፣ ጥቂት ማይክሮሊትር ሰጠችኝ። አሁን የውስጥ ሽፋኑ ጨልሟል። በሁለቱ ጡንቻዎች መሃል የነርቭ እጢው ብቻ ቀርቷል፣ ከሴሎቹ ገሚሶቹ ያበራሉ፣ ጎናቸው ያሉት አያበሩም። ለአማካሪዬ ሳሳያቸው ዝም ብለው ረጅም ጊዜ አዩት።

አንድ ጥያቄ ብቻ ቀረኝ። ከመቶ ስንቱ ኤንኖስ እንዳለው ለመናገር ሁሉንም ኒውሮን የሚያሳይ ሌላ አንቲቦዲ ያስፈልገኛል። ሁሉም ሰው የሚጠቀመው ሁ-ሲ-ዲ ነው፣ እሱም ማውስ ላይ የተሠራ ነው። ሁለቱን እንዴት አብሬ ላድርጋቸው?

የሽሮሜዳ_ልጅ፦
እንኳን ደስ አለሽ! ሁለቱም ማውስ ከሆኑ ሁለተኛው አንቲቦዲ አይለያቸውም። ዶላሩ ሲገኝ ጥንቸል ላይ የተሠራ ኤንኖስ ግዢ፣ ማውሱን ለሁ-ሲ-ዲ ተዪለት። እስከዚያው እሙ ያለችውን ሰማያዊውን አድርጊና ፎቶ አንሺው፣ ከዚያ በዚያው ስላይድ ላይ ሁ-ሲ-ዲውን አስከትዪ። ሰማያዊው እንዳይጠቁር ብቻ ቶሎ አቁሚው፣ ከበዛ የፍሎረሰንሱን ብርሃን ይውጠዋል።