ትልቅ ጥይት በአጭር በርሜል፦ ችግሩ የፍጥነት መቀነስ ብቻ ነውን?

ጥያቄ (ከጠያቂ)

ጤና ይስጥልኝ። የጠመንጃን የዕድገት ታሪክ በትርፍ ጊዜዬ ሳነብ አንድ ነገር ደጋግሞ ያጋጥመኛል። 7.62×51ን (7.62 የአረሩ ውፍረት፣ 51 የቀለሁ ርዝመት ነው፣ በሚሊሜትር) ወይም ከእርሱ የሚበልጥ ሙሉ ኃይል ያለው ጥይት የሚተኩስ ከፊል አውቶማቲክ ጠመንጃን (በየተኩሱ ራሱን የሚያጎርሰውን) አሳጥረው፣ ለታንክ ሠራተኛ ወይም ለአየር ወለድ እንዲመች ለማድረግ የሞከሩ ብዙዎች ናቸው፤ ዳሩ ግን አብዛኞቹ ሙከራዎች ወይ ከሙከራ ጣቢያ አላለፉም፣ ወይም በጥቂቱ ተሠርተው ቀርተዋል። ምክንያቱን ስጠይቅ የሚሰጠኝ መልስ ሁልጊዜ «በርሜል ሲያጥር የአረሩ ፍጥነት ይቀንሳል» የሚል ነው። ይህ መልስ አላጠገበኝም፤ ምክንያቱም ፍጥነቱ የቀነሰ ትልቅ ጥይትም ቢሆን እንደ ክላሽንኮቭ ካለው መካከለኛ ጥይት የበለጠ ጉልበት እንደሚኖረው እገምታለሁ። ታዲያ እውነተኛው እንቅፋት የቱ ነው? ደግሞስ ነገሩ በእጅ በሚጎተት ቦልት ከሚሠራው ጠመንጃ ይልቅ በከፊል አውቶማቲኩ ላይ የሚብሰው ለምንድን ነው? የምጠይቀው ስለ ንድፉ ታሪክና ስለ ፊዚክሱ እንጂ ስለ ወርክሾፕ ሥራ አለመሆኑን አስቀድሜ እገልጻለሁ።

መልስ (ከድሮ መሣሪያ አጥኚ)

ግምትዎ ትክክል ነው፤ የተነገረዎት መልስም ውሸት ባይሆንም ዋናውን ነገር የሚያሳይ አይደለም። ከሁሉ የተሻለው ምሳሌ የአሜሪካኖቹ ኤም-1 ጋራንድ ነው። ይህ ጠመንጃ 610 ሚሊሜትር የሆነ በርሜል ነበረው፤ የሚተኩሰውም 7.62×63 የተባለውን ረጅም ጥይት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1944 የስፕሪንግፊልድ የመሣሪያ ፋብሪካ በርሜሉን ወደ 457 ሚሊሜትር አሳጥሮና ታጣፊ ሰደፍ ገጥሞ ኤም-1ኢ5 የተባለ ናሙና ሠራ። ናሙናው ሲፈተሽ ሊታገሡት ያልቻሉት ነገር ከአፈሙዙ የሚወጣው ፍንዳታና ነበልባል ነበር። በቀጣዩ ዓመት በፓስፊክ ግንባር የነበሩ መኮንኖች አጭር ጋራንድ ይሠራልን ብለው በመጎትጎታቸው ቲ-26 የሚል ስያሜ የተሰጠው ሞዴል ታየ፤ 15,000 እንዲሠራም ታዘዘ። ይሁን እንጂ ጃፓን እጅ ስትሰጥ ትእዛዙ ተሰረዘ። ዛሬ «የታንክ ሠራተኞች ጋራንድ» እየተባለ የሚሸጠው ስሙን ያገኘው ከጦርነቱ በኋላ ከነጋዴዎች እንጂ ከታንክ ሠራተኞች አይደለም፤ አንድም የታንክ ክፍል በይፋ አልታጠቀውም።

እንግሊዞችም በ1944 ከሊ-ኤንፊልድ ቁጥር 5 ጋር ተመሳሳይ ፈተና ገጥሟቸዋል። ይህኛው በቦልት የሚሠራ ነው። ክብደቱን ከ4 ኪሎ ግራም በላይ ከነበረው ወደ 3.2 ኪሎ ግራም ገደማ ሲያወርዱት ርግጫው ስለበረታ ለሰደፉ የጎማ ትራስ አስፈለገው፤ ነበልባሉን ለመሸፈን ደግሞ አፈሙዙ ላይ እንደ ቀንድ መለከት የሰፋ መሸፈኛ ተደረገለት። ያንን መሸፈኛ ያየ ሰው ችግሩ ምን እንደነበር ለመረዳት ሌላ ማብራሪያ የሚያስፈልገው አይመስለኝም።

መልስ (ከሜካኒክስ መምህር)

በቁጥር ላስረዳ። አንድ መደበኛ የ7.62×51 ናቶ ጥይት 9.5 ግራም ገደማ የሚመዝን አረር አለው፤ 560 ሚሊሜትር ከሚሆን በርሜል ሲወጣ ፍጥነቱ በሴኮንድ 838 ሜትር ያህል ነው። ይህም ወደ 3,300 ጁል ጉልበት ይሆናል። በርሜሉ ባጠረ ቁጥር ለእያንዳንዱ 25 ሚሊሜትር በሴኮንድ ከ6 እስከ 9 ሜትር ያህል ፍጥነት ይጠፋል፤ ከ400 ሚሊሜትር በታች ሲወርድ ኪሳራው ይብሳል። ስለዚህ ከ330 ሚሊሜትር በርሜል ፍጥነቱ 745 ገደማ፣ ጉልበቱም 2,600 ጁል ገደማ ሊሆን ይችላል። የክላሽንኮቭ 7.62×39 ከሙሉ በርሜሉ በሴኮንድ 715 ሜትር ተወርውሮ 2,000 ጁል ገደማ ይሰጣል። እንግዲህ ያጠረው ትልቅ ጥይት አሁንም ይበልጣል፤ ጠያቂው የጠረጠሩትም ይህንኑ ነው።

ዋጋው የሚከፈለው ሌላ ቦታ ነው። ትልቁ ጥይት ወደ 3 ግራም የሚጠጋ ባሩድ ሲይዝ ትንሹ የሚይዘው ወደ 1.6 ግራም ነው። አረሩ አጭሩን በርሜል ለቅቆ ሲወጣ ከኋላው ያለው ጋዝ ገና ከፍተኛ ግፊት ላይ ነው፤ በረጅም በርሜል ውስጥ አረሩን ለመግፋት ይውል የነበረው ጉልበት አሁን በአየር ላይ ይፈነዳል። እዚህ ላይ አንድ የተለመደ ስሕተት ማረም እፈልጋለሁ። ብዙ ሰው ያ ትልቅ ነበልባል ሳይቃጠል የወጣ ባሩድ ነው ይላል። ጥቂት ያልተቃጠለ ቅንጣት አብሮ ሊወጣ ቢችልም የነበልባሉ ትልቁ ክፍል የሚመነጨው ከባሩዱ መቃጠል የተፈጠሩት ካርቦን ሞኖክሳይድና ሃይድሮጅን ገና በጋለ ሁኔታቸው ከውጭው አየር ኦክስጅን ጋር ሲገናኙ እንደገና በመቀጣጠላቸው ነው። ድምፁን በተመለከተ፣ ያለ ጆሮ መከላከያ 140 ዴሲቤል የሚደርስ የፍንዳታ ድምፅ ጆሮን እንደሚጎዳ ይታወቃል፤ እንዲህ ያለ ሙሉ ኃይል ያለው ጠመንጃ ድምፅ ደግሞ በረጅም በርሜልም ቢሆን ከ160 ያልፋል። አፈሙዙ ወደ ተኳሹ ፊት በቀረበ መጠን ይብሳል፤ በተለይ በተዘጋ ክፍል ውስጥ።

ከፊል አውቶማቲኩ ላይ የሚብስበት ምክንያት ደግሞ ይህ ነው። ጋዝ እየተጠቀመ ራሱን የሚያጎርስ ጠመንጃ ከበርሜሉ ላይ ባለች ቀዳዳ ጥቂት ጋዝ ይወስዳል። አረሩ ቀዳዳዋን ካለፈ በኋላ አፈሙዙን እስኪለቅ ድረስ ያለችው እጅግ አጭር ጊዜ ፒስተኑ የሚገፋባት ጊዜ ናት። በርሜሉ ሲያጥር ይህች ጊዜ ታጥራለች፤ ቀዳዳዋ ወደ ኋላ ከተጠጋች ደግሞ ጋዙ ግፊቱ ከፍተኛ በሆነበት ቦታ ላይ ይወሰዳል። በአንዱ በኩል ጋዙ አንሶ ጠመንጃው ቀለሁን ሳይተፋ ይቀራል፣ በሌላው በኩል በዝቶ ክፍሎቹን ይቀጠቅጣል፤ በሁለቱ መካከል ያለው አስተማማኝ ክልል እየጠበበ ይሄዳል። ንጹሕና ቆሻሻ፣ ትኩስና ቀዝቃዛ፣ ከልዩ ልዩ ፋብሪካ የወጣ ጥይት ሁሉ በዚያ ጠባብ ክልል ውስጥ መውደቅ አለበት። በቦልት የሚሠራው ጠመንጃ ይህ ሁሉ አይመለከተውም፤ የተኳሹ እጅ ጋዝ አይፈልግም።

ጠያቂ

ሁለታችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ግን አንድ ነገር ልጨምር፦ ጀርመኖቹ ጂ-3 የተባለውን ጠመንጃቸውን በርሜል ከ450 ወደ 315 ሚሊሜትር አሳጥረው ጂ-3ኬን ሠርተዋል፤ እርሱም 7.62×51 ነው። ይህ እንዴት ሊሆን ቻለ?

መልስ (ከሜካኒክስ መምህር)

ጥሩ ጥያቄ ነው። ጂ-3 የጋዝ ቀዳዳ የለውም፤ የሚሠራው የቦልቱን መከፈት በሚያዘገዩ ተንከባላይ ሲሊንደሮች ነው። ስለዚህ ያ የጊዜ ችግር በዚያ መልኩ አይነሣበትም፤ ፍንዳታውና ነበልባሉ ግን እንዳሉ ናቸው። የተኮሱበት ሰዎች የሚያማርሩትም ከሁሉ በላይ ይህንኑ ነው።

መልስ (ከድሮ መሣሪያ አጥኚ)

ስለ ማሳጠር ስንነጋገር በርሜሉን ብቻ ማየታችን ትክክል አይመስለኝም። ፋል የተባለውን የቤልጅግ ጠመንጃ ይመልከቱ። መደበኛው በርሜል 533 ሚሊሜትር ነው፤ ለአየር ወለድ የተሠራው ዋነኛ ለውጥ ግን ሰደፉ ላይ ነበር። የመደበኛው ፋል መመለሻ ሞላ ሰደፉ ውስጥ ስለሚገባ ሰደፉን ማጠፍ አይቻልም ነበር፤ ስለዚህ ሞላውን ከዚያ አውጥተው በአካሉ ውስጥ ከክዳኑ ሥር አዛወሩት። በዚህ ብቻ ብዙ ርዝመት ተቆጠበ፤ በርሜሉም ያን ያህል መስዋዕት መሆን አላስፈለገውም። ሩሲያኖቹ ደግሞ 1,225 ሚሊሜትር የሚረዝመውን ድራጉኖቭ የተባለ የአነጣጥሮ ተኳሽ ጠመንጃ ካዝናውና የተኩስ ክፍሉ ከምላጩ ኋላ እንዲሆኑ አድርገው ኤስቪዩ በተባለው ሞዴል ወደ 900 ሚሊሜትር ገደማ አወረዱት፤ አብዛኛው ቁጠባ የመጣው ከበርሜሉ ሳይሆን ከዚህ አቀማመጥ ነበር። የኦስትሪያው ስታየር ኤዩጂ፣ ምንም እንኳ ጥይቱ ትንሽ ቢሆን፣ በ790 ሚሊሜትር ጠቅላላ ርዝመት ውስጥ 508 ሚሊሜትር በርሜል ይይዛል። እኔን ቢጠይቁኝ ትክክለኛው የማሳጠር መንገድ ይህ ነው፤ በርሜል መቁረጥ የሰነፍ ንድፍ ነው።

መልስ (ከዒላማ ተኳሽ)

ባልደረባዬ በርሜል መቁረጥን የሰነፍ ንድፍ ማለታቸው ትንሽ የበዛ ይመስለኛል። ካዝናው ከምላጩ ኋላ የሆነ ጠመንጃ የተኩስ ክፍሉን ከተኳሹ ጉንጭ ሥር ያደርጋል፤ ምላጩ በረጅም ዘንግ ስለሚሠራ ይደነዝዛል፤ ቀለሁም ለግራኝ ተኳሽ ወደ ፊቱ ይወጣል። ከዚያ ይልቅ ጥይቱን ለአጭሩ በርሜል ማስማማት የሚሻል ጊዜ አለ። እ.ኤ.አ. በ2011 በአሜሪካ አምራቾች ማኅበር ደረጃ የወጣለት .300 ብላክአውት የተባለው ጥይት የተሠራው በዚህ ሐሳብ ነው፤ የ5.56ን (የኤም-16 ጠመንጃን ጥይት) ካዝናና ቦልት እየተጠቀመ፣ ጥቂት ባሩድ ይዞ ባጭር በርሜል ውስጥ አቃጥሎ ይጨርሳል። አደጋም አለው። በ5.56 ጠመንጃ ውስጥ በስሕተት የገባ .300 ጥይት ጠመንጃውን ሊያፈነዳው ይችላል፤ የሁለቱን ካዝና ለይቶ የማያስቀምጥ ሰው ከእኔ ጋር ዒላማ ቦታ አይቆምም።

ሌላው መንገድ ግፊቱን ወደ ላይ መግፋት ነው። የአሜሪካ ጦር በ2022 የመረጠው 6.8×51 የሚተኩስ ጠመንጃ በርሜሉ 330 ሚሊሜትር ብቻ ነው። የጠፋውን የበርሜል ርዝመት የሚያካክሰው በጥይቱ ግፊት ሲሆን ይህም 550 ሜጋፓስካል ገደማ ነው፤ የ.308 (የ7.62×51 የሲቪል አቻ) ወሰን 415 ነው። ተራ የነሐስ ቀለህ ይህንን ስለማይችል የቀለሁ ግርጌ ከብረት ተሠርቷል። ለፍንዳታውና ለነበልባሉም ድምፅ ማፈኛው ከጠመንጃው ጋር አብሮ ይሰጣል። በ1944 ኤም-1ኢ5ን ያስቀረው ችግር ዛሬም አልጠፋም ማለት ነው፤ ማፈኛ ተሸክሞለት እንጂ።

መልስ (ከድሮ መሣሪያ አጥኚ)

በማፈኛው ላይ እስማማለሁ፤ ግን እርሱ ራሱ ከፊት ይጨመርና የቆረጡትን ርዝመት መልሶ ይወስዳል። 330 ሚሊሜትር በርሜል ከነማፈኛው ይዞ የቆመን ሰው «አጭር ጠመንጃ ይዘሃል» ለማለት እቸገራለሁ።

ስለ ሕጉ አንድ ነገር ብቻ ልጨምር። በንባብዎ 406 ሚሊሜትር የሚል ቁጥር ደጋግሞ ሊያጋጥምዎ ይችላል፤ ከፊዚክስ የመጣ ወሰን እንዳይመስልዎ። የአሜሪካ ሕግ ከ16 ኢንች ያነሰ በርሜል ያለውን ጠመንጃ በ1934 በወጣው ብሔራዊ የጦር መሣሪያ ሕግ መሠረት በልዩ ምዝገባ ሥር ስለሚያደርገው ነው። ስለዚህ ብዙ የገበያ ጠመንጃዎች ልክ እዚያ ላይ ቆመዋል።

ጠያቂ

ስለ 406 ቁጥር ያሉት በእርግጥ አሳስቶኝ ነበር፤ የባሩዱ መቃጠያ ርዝመት ነው ብዬ በማስታወሻዬ ጽፌ ነበር። ዛሬ እሰርዘዋለሁ። የኤም-1ኢ5ን የፍተሻ ዘገባ ፈልጌ ካገኘሁ ስለ ነበልባሉ የተጻፈውን እዚሁ እመልሳለሁ።