ለየብቻ በተቆረጡ ሁለት ትኬቶች ብቻዬን ብጓዝ መሸጋገሪያው ላይ ምን ይገጥመኛል?

ጠያቂ፦ አዲስ መንገደኛ

ጤና ይስጥልኝ። ያለ አስጎብኚ ድርጅት፣ ብቻዬን ወደ ሸንገን አገሮች (በመካከላቸው የድንበር ቁጥጥር ያነሱ የአውሮፓ አገሮች) ለመጓዝ እየተዘጋጀሁ ነው። ቪዛዬን አግኝቻለሁ፤ ትኬት ግን ገና አልቆረጥኩም። ሙሉውን ጉዞ በአንድ ትኬት ከማድረግ ይልቅ ከሁለት አየር መንገዶች ለየብቻ ብቆርጥ ዋጋው በእጅጉ ይቀንስልኛል፤ በሁለቱ በረራዎች መካከልም አራት ሰዓት ያህል ይኖረኛል። መሸጋገሪያውን በተመለከተ ሁለት አማራጮች አሉኝ፤ አንደኛው ከሸንገን ውጭ ነው፣ ሌላው እዚያው ሸንገን ውስጥ ነው። ሻንጣዬ በቀጥታ ወደ ሁለተኛው በረራ ይተላለፋል ወይስ ራሴ ተቀብዬ እንደገና ማስረከብ ይኖርብኛል? ለመሸጋገሪያው አገር ቪዛ ያስፈልገኛል? ብቻውን የሚጓዝ ሰው አስቀድሞ ሊያስብበት ይገባል የምትሉት ሌላ ነገር ካለም ብትነግሩኝ ደስ ይለኛል።

መልስ፦ ረጅም መንገድ

ትኬቱን ሳይቆርጡ መጠየቅዎ መልካም ነው፤ ምክንያቱም በአንድ ትኬትና በሁለት ትኬቶች መካከል ያለው ዋናው ልዩነት ዋጋው ሳይሆን ኃላፊነቱን የሚወስደው ማን ነው የሚለው ነው። በአንድ ትኬት ሲጓዙ የመጀመሪያው በረራ ዘግይቶ ሁለተኛው ቢያመልጥዎት፣ እስከ መጨረሻው መዳረሻ በሌላ በረራ ማድረስ የአየር መንገዱ ግዴታ ነው። በሁለት ትኬቶች ግን የመጀመሪያው ውል መሸጋገሪያው ላይ ሲያርፉ ያበቃል። ሁለተኛው አየር መንገድ የዘገዩበትን ምክንያት የማወቅ ግዴታ የለበትም፤ ሳይቀርብ የቀረ ተሳፋሪ አድርጎ ይመዘግብዎታል፣ በዚያው ትኬት ላይ የመልስ በረራ ካለም እሱን ጭምር ሊሰርዘው ይችላል።

ሻንጣን በተመለከተ፣ ብዙዎቹ አየር መንገዶች በተለያየ ትኬት የሚጓዝን ሰው ሻንጣ እስከ መጨረሻው አያስተላልፉም። ስለዚህ መሸጋገሪያው ላይ በኢሚግሬሽን በኩል ወጥተው፣ ሻንጣዎን ተቀብለው፣ እንደ አዲስ ተሳፋሪ ቼክ ኢን ማድረግ ይኖርብዎታል። የቪዛው ጥያቄ የሚነሳውም ከዚህ ነው፤ ለሻንጣ ብቻ ብለው በሩን ቢያልፉም፣ በሕግ ፊት ወደዚያ አገር ገብተዋል።

ብዙ ሰው የማያስተውለው ሌላው ነገር ከመነሻው አየር ማረፊያ ይጀምራል። አየር መንገዶች በቂ ሰነድ የሌለው ተሳፋሪ ይዘው ሲገኙ ስለሚቀጡ፣ የቼክ ኢን ሠራተኛው የእያንዳንዱን አገር የመግቢያ ሕግ ቲማቲክ ከተባለው የመረጃ ቋት እያየ ሰነድዎን ያጣራል። የመጀመሪያው አየር መንገድ ሠራተኛ በኮምፒውተሩ ላይ የሚያየው የራሱን ትኬት ብቻ በመሆኑ፣ ለእሱ መሸጋገሪያው አገር መሸጋገሪያ ሳይሆን መዳረሻዎ ነው። የሁለተኛውን ትኬት ማረጋገጫና የሸንገን ቪዛዎን አትመው በእጅዎ ይያዙ፤ ከመቁረጥዎ በፊትም በዜግነትዎ የሚፈለገውን ከመሸጋገሪያው አገር ኤምባሲ ወይም ከኢሚግሬሽን መሥሪያ ቤቱ ድረ ገጽ ያረጋግጡ።

መልስ፦ ድንበር ተሻጋሪ

ከላይ የተጻፈው ሁሉ ትክክል ነው፤ ሆኖም ሁለት ትኬት ሁልጊዜ መጥፎ ምርጫ ነው ብዬ አላምንም። በእጅ ሻንጣ ብቻ ከተጓዙና መሸጋገሪያው ላይ አንድ ሌሊት የሚያድሩ ከሆነ አደጋው በጣም ይቀንሳል። አራት ሰዓት ግን ለእኔ አይበቃም።

ሸንገን ውስጥ ያለውን መሸጋገሪያ ከመረጡ የድንበር ቁጥጥሩ የሚደረገው በመጨረሻው መዳረሻ ሳይሆን መጀመሪያ ባረፉበት የሸንገን አየር ማረፊያ ነው፤ ቪዛው በእጅዎ ስላለ ሻንጣ ለመቀበል መውጣትም ችግር አይሆንብዎትም። በዚህ ምክንያት እኔ ብሆን ይህንኛውን እመርጥ ነበር። የድንበር መኮንኑ የማረፊያ ቦታ፣ የመልስ ትኬት፣ የገንዘብ አቅም ማስረጃና ቢያንስ 30,000 ዩሮ የሚሸፍን የሕክምና ኢንሹራንስ ሊጠይቅዎ ስለሚችል፣ እነዚህ ወረቀቶች ከሚያስረክቡት ሻንጣ ውስጥ መግባት የለባቸውም።

ቪዛዎ ለአንድ ጊዜ መግቢያ ብቻ መሆን አለመሆኑንም ይመልከቱ፤ ለአንድ ጊዜ ብቻ ከሆነ፣ በመሀል ከሸንገን ውጭ ወዳለ አገር ብቅ ብለው ለመመለስ ካሰቡ በዚያ ቪዛ እንደገና መግባት አይችሉም። የቆይታ ገደቡ በማናቸውም 180 ቀናት ውስጥ 90 ቀን ሲሆን፣ በቪዛው ላይ ከዚያ ያነሰ ቀን ከተጻፈ የሚሠራው የተጻፈው ነው፤ የገቡበትና የወጡበት ቀንም ይቆጠራሉ። ከጥቅምት 2025 ጀምሮ በማኅተም ፋንታ የመግቢያና የመውጫ ኤሌክትሮኒክ መዝገብ ሥራ ላይ መዋል ስለጀመረ፣ ቀኑን በግምት መያዝ አያዋጣም። ፓስፖርትዎ ከሸንገን ከሚወጡበት ቀን በኋላ ቢያንስ ሦስት ወር የሚያገለግል መሆን አለበት፤ ስድስት ወር የሚጠይቁ ሌሎች አገሮች ብዙ ስለሆኑ የመሸጋገሪያውንም አገር ደንብ ያንብቡ።

መልስ፦ ቀላል ጓዝ

እኔ ስለ ገንዘብ ብቻ ልጨምር። በአንድ ካርድ ላይ ተማምኖ መጓዝ ለብቸኛ ተጓዥ አደገኛ ነው፤ ሁለት ካርዶችን በተለያየ ቦታ ያስቀምጡ፣ ጥቂት ጥሬ ገንዘብም ይኑርዎት። ኤቲኤም ወይም የክፍያ ማሽን በአካውንትዎ ገንዘብ ልመንዝርልዎት ብሎ ሲጠይቅ እምቢ ብለው በአገሩ ገንዘብ መክፈልን ይምረጡ፤ ማሽኑ የሚያቀርበው ምንዛሪ ብዙውን ጊዜ የባሰ ነው። ባንክዎ የማረጋገጫ ቁጥር በስልክ መልእክት የሚልክ ከሆነ ደግሞ ሲም ካርድ ከመቀየርዎ በፊት ያስቡበት፤ መልእክቱ የሚመጣው በአሮጌው ቁጥር ነው። ፓወር ባንክ በእጅ ሻንጣ ብቻ ይያዛል።

ጠያቂ፦ አዲስ መንገደኛ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ፤ ሸንገን ውስጥ ያለውን መሸጋገሪያ መርጫለሁ፣ የቆይታ ጊዜውንም አራዝማለሁ። የማስረክበው ሻንጣ ግን ይኖረኛል። በመጀመሪያው በረራ ሳይደርስ ቢቀር የምጠይቀው ማንን ነው?

መልስ፦ ረጅም መንገድ

የመጀመሪያውን አየር መንገድ ብቻ ነው። ከሻንጣ መቀበያው አዳራሽ ሳይወጡ ወደ ሻንጣ ጉዳይ መስኮት ሄደው ሪፖርት ያስሞሉ፣ የመከታተያ ቁጥሩንም ይቀበሉ። አየር መንገዶች በዓለም አቀፍ በረራ ያለባቸውን ተጠያቂነት የሚደነግገው የ1999ኙ የሞንትሪያል ስምምነት በሚሠራባቸው በረራዎች፣ ለተጎዳ ሻንጣ ሻንጣው በእጅዎ ከገባ በ7 ቀን ውስጥ፣ ለዘገየ ደግሞ በ21 ቀን ውስጥ በጽሑፍ ማመልከት አለብዎት፤ ስለዚህ መስኮቱ ላይ በቃል ተናግሮ መሄድ አይበቃም። እስኪገኝ ድረስ የሚገዟቸውን አስፈላጊ ነገሮች ደረሰኝ ያስቀምጡ። ሪፖርቱ ላይ የመሸጋገሪያውን ከተማ ሳይሆን የመጨረሻ ማረፊያዎን አድራሻ ያስጽፉ፣ ከዚያ ወደ ሌላ ከተማ የሚሻገሩበትንም ቀን ይንገሯቸው፤ አለበለዚያ ሻንጣው እርስዎ ወደሌሉበት ሊላክ ይችላል።